ምክንያቱ ያልታወቀ የራዲያተር ውሃ መጉደል፦ በአሮጌ መኪና ላይ እንዴት ይመረመራል?

ከኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገት ወደ ደሴ የሚጓዝ መኪና በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል። ሞተሩ በከባድ ማርሽ ለረጅም ጊዜ ይለፋል፤ ጉዞው ዝግ ያለ በመሆኑም በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው ነፋስ ያንሳል። በሜዳ መንገድ ሳይታወቅ የቆየ የማቀዝቀዣ ጉድለት እዚህ ዳገት ላይ የሚገለጠው በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንዱ ባለመኪና ደሴ ሲደርስ የጎደለውን ውሃ ሞልቶ መንገዱን ይቀጥላል፤ ሌላው ደግሞ «ጓርኒሲዮን ነው»፣ ማለትም በሞተሩ ዋና አካል (ብሎክ) እና በላዩ በሚገጠመው ክፍል (ቴስታታ) መካከል ያለው ማሸጊያ ተበላሽቷል፣ የሚል ግምት ሰምቶ በዚያው ቀን ቴስታታውን ያስወርዳል። የመጀመሪያው ሞተሩን ቀስ በቀስ ይገድለዋል፣ ሁለተኛው ምናልባት አንድ የራዲያተር ክዳን በመቀየር ሊያልቅ ለሚችል ችግር ብዙ ገንዘብ ያወጣል።

ውሃው የሚጎድለው በሦስት መንገድ ብቻ ነው፦ ወደ ውጭ ይንጠባጠባል፣ በክዳኑ በኩል ይገፋል፣ ወይም ወደ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ በጭስ መልክ ይወጣል ወይም ከዘይት ጋር ይቀላቀላል። ፍለጋውም ከቀላሉና ከርካሹ ተነስቶ ወደ ከባዱ መሄድ አለበት።

ከሁሉ በፊት ግን ውሃው በእርግጥ እየጎደለ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሪዘርቭ በሚባለው የትርፍ ውሃ ዕቃ ላይ ያለው ልክ ሞተሩ ሲሞቅ ከፍ፣ ሲበርድ ዝቅ ስለሚል፣ አንድ ጊዜ ማታ ሌላ ጊዜ ጠዋት ያየ ሰው የሌለ ጉድለት ያያል። መኪናው ሁልጊዜ በአንድ ደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ ሌሊቱን በርዶ ባደረበት ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ልኩን በማይለቅ እስክሪብቶ ዕቃው ላይ ምልክት ያድርጉበት፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንም ይመዝግቡ። በተመሳሳይ ሰዓትና ቦታ ደግመው ሲያዩ ምን ያህል ኪሎ ሜትር ምን ያህል ውሃ እንደወሰደ ይታወቃል። በቅርቡ ውሃው ተደፍቶ የተሞላ መኪና ግን ውስጡ የቀረ አየር እስኪወጣ ድረስ ለጥቂት ቀናት ልኩ ዝቅ ማለቱ ያለ ነገር ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ንጹሕ ውሃ ብቻ የሚጠቀም ሰው ወደ ኩላንት (ባለ ቀለሙ የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እንዲመለስ አጥብቄ እመክራለሁ። ኩላንት ዝገት መከላከሉና የመፍያ ነጥብን ከፍ ማድረጉ እንዳለ ሆኖ፣ ለምርመራም ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል፦ ውሃ በጋለ ብረት ላይ ሲንጠባጠብ ተንኖ ይጠፋል፣ ኩላንት ግን አረንጓዴ ወይም ሮዝ ቅርፊት ትቶ ቦታውን ያመለክታል።

ቀጥሎ የሚመረመረው ክዳኑ ነው፤ በወሎ ደጋ ለሚነዳ ሰው ደግሞ ይህ ክፍል ከሌላው ሁሉ በላይ ትኩረት ይገባዋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ እዚያ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የብዙ መኪኖች ቴርሞስታት (ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው ቫልቭ) መከፈት የሚጀምረው ከ80 እስከ 88 ዲግሪ ባለው መካከል በመሆኑ፣ በደህናው የሥራ ሙቀትና በመፍያው ነጥብ መካከል የሚቀረው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ይህን ክፍተት የሚያሰፋው በክዳኑ የሚያዘው ግፊት ነው። 0.9 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ክዳን ከውጭው አየር በላይ 0.9 ባር ያህል ግፊት ስለሚይዝ፣ በደሴ ከፍታም ቢሆን ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። ስለዚህ ቆላ ላይ ሳይታወቅ የሚያልፍ የደከመ ክዳን፣ ሐረጎን ወይም ከወልድያ ወደ ላሊበላ በሚወስደው መንገድ ላይ የዲልብን ዳገት ሲወጡ ውሃውን አፍልቶ ወደ ሪዘርቩ፣ ከዚያም ወደ መሬት ይገፋዋል። መኪናውን ቆሞ የሚያየው ሰው አንዲትም ጠብታ አያገኝም።

ክዳኑ የሚከፈተው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከበረደ በኋላ ብቻ ነው፤ በጋለ ሞተር ላይ የሚከፈት ክዳን ፊትንና እጅን ክፉኛ ያቃጥላል። ከፍተው ሲገለብጡት ከታች ክብ ላስቲክ ያገኛሉ። ላስቲኩ በጥፍር ሲጫኑት ለስላሳ መሆን አለበት፤ ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ፣ ወይም የራዲያተሩ አፍ ጠርዝ ጥልቅ መስመር ከቀረጸበት አይዘጋም። መሐሉ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምታህል ቫልቭ ቀስ ብለው ሳብ አድርገው ሲለቋት ወዲያው ወደ ቦታዋ መመለስ ይኖርባታል፤ ሞተሩ ሲበርድ ውሃውን ከሪዘርቩ ወደ ራዲያተሩ የምትመልሰው እርሷ ናት። ሪዘርቩ ሞልቶ ራዲያተሩ ጎድሎ ከተገኘ፣ ወይም የላይኛው የራዲያተር ጎማ (ወፍራሙ የውሃ ቱቦ) ጠዋት ተጣብቆ ከታየ፣ ይህቺ ቫልቭ ወይም ወደ ሪዘርቩ የምትሄደው ቀጭን ቱቦ መታየት አለባት። አዲስ ክዳን ሲገዛ ቁጥሩ ከመኪናው ጋር የሚስማማ መሆኑ ይረጋገጥ፤ ከፍ ያለ ቁጥር የተሻለ ይመስላል እንጂ ያረጀ ራዲያተርንና ጎማን ያፈነዳል። አሮጌ መኪና ገዝቶ የቀድሞ ታሪኩን የማያውቅ ሰው፣ ምንም ምልክት ሳይጠብቅ ክዳኑን ቢቀይር ገንዘቡ አይባክንም።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ወደ ውጭ የሚፈሰው ይፈለጋል። ማታ ከሞተሩ ሥር ሰፊ ካርቶን ያንጥፉ፤ ጠዋት ጠብታው ካረፈበት ቦታ ቀጥታ ወደ ላይ ይመልከቱ። ኮፈኑን ከፍተው የውሃ ጎማዎቹን ጫፍና ማሰሪያ፣ የራዲያተሩን የፕላስቲክና የአሉሚኒየም መጋጠሚያ፣ የቴርሞስታቱን ቤት፣ በብሎኩ ጎን የተመቱትን ክብ የብረት መድፈኛዎች በባትሪ ብርሃን ይፈትሹ። የውሃ ፖምፓው ከዘንጉ በታች አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ይህቺ ቀዳዳ የውስጡ ማሸጊያ ሲያልቅ ውሃው ወደ ኩሽኔታው (ዘንጉ ወደሚሽከረከርበት ቦታ) እንዳይገባ አውጥታ የምታሳይ ናት፤ በእርሷ ዙሪያ የኩላንት ቅርፊት ከታየ ፖምፓው ይቀየራል እንጂ ቀዳዳዋ በሲሊኮን አትደፈንም። አንዳንዱ ማፍሰሻ ደግሞ ብረቱ በቅዝቃዜ ሲኮማተር ብቻ የሚከፈት በመሆኑ፣ ቀን ሲፈተሽ ደረቅ የሆነው መጋጠሚያ በደጋው ብርድ ንጋት ላይ እርጥብ ሆኖ ይገኛል። በመኪናው ውስጥ በተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፉ ከረጠበ፣ ጣፋጭ ሽታ ካለ ወይም የፊት መስታወቱ ላይ የሚያጣብቅ ጉም ከያዘ፣ የሚያፈሰው የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው። ባቲና ኮምቦልቻ ላይ ኤሲ ከፍቶ የቆየ መኪና ሥር የሚገኘው ሽታና ቀለም የሌለው ውሃ ግን ከራዲያተሩ ውሃ ጋር አይገናኝም።

በዓይን ያልተገኘውን የግፊት ሙከራ ያገኘዋል። በራዲያተሩ አፍ ላይ በሚገጠም የእጅ ፓምፕ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ በክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ብቻ ተነፍቶ ለ15 ደቂቃ ያህል ይታያል። ጠቋሚው ከወረደና ውጭ ላይ እርጥበት ከታየ ቦታው ታወቀ። ጠቋሚው እየወረደ ውጭው ሁሉ ደረቅ ከሆነ ግን ውሃው ወደ ውስጥ እየሄደ ነው፤ ስለ ጓርኒሲዮን መነጋገር ተገቢ የሚሆነው ከዚህ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ በምልክቶቹ መቸኮል አይገባም። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ደሴ ላይ የሚነሳ መኪና ሁሉ ነጭ እንፋሎት ያወጣል፤ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ውስጥ ያደረ እርጥበት ነው። የሚያሳስበው ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላም የማይቆም፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ነው። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚታይ ጥቂት አረፋም አጭር ጉዞ ብቻ በሚሄድ መኪና ላይ በብርድ ይፈጠራል፤ በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ራሱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ግን ሞተሩ ሳይነሳ ጋራዥ መግባት አለበት።

የሚያሳምን ማስረጃ የሚገኘው እንዲህ ነው። ቀዝቃዛው ራዲያተር እስከ አፉ ይሞላና ክዳኑ ሳይገጠም ሞተሩ ይነሳል። መጀመሪያ የሚወጡት ጥቂት ፊኛዎች የታፈነ አየር ናቸው፤ ቴርሞስታቱ ሳይከፈት፣ ነዳጅ ሲሰጥ እየበረከቱ ያለማቋረጥ የሚወጡ ደቃቅ ፊኛዎች ግን ከሲሊንደር ያመለጠ ጋዝ ናቸው። የላይኛው ጎማ በቀዝቃዛ ሞተር፣ ከተነሳ አንድ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ከጠነከረም ያው ነው። ካንዴላዎቹ (ነዳጁን የሚለኩሱት) ተፈተው በተራ ሲደረደሩ፣ ሌሎቹ ቡናማ ሆነው አንዷ ብቻ ታጥባ እንደወጣች ነጥታ ከተገኘች ውሃ የሚገባው በዚያ ሲሊንደር ነው። የጋዝ መመርመሪያው ሰማያዊ ፈሳሽ ያለው ጋራዥ ከተገኘ የራዲያተሩን አየር በፈሳሹ ውስጥ ያሳልፉታል፤ በቤንዚን ሞተር ላይ ወደ ቢጫ ከተለወጠ የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው መግባቱ ተረጋገጠ። ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ ሳይስማሙ ቴስታታ እንዲወርድ መፍቀድ አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ የሚሸጠውን ዱቄት ለዘለቄታው መጠቀም አልመክርም። የራዲያተሩንና የማሞቂያውን ቀጫጭን መተላለፊያዎች ስለሚዘጋ ከአንዱ ችግር ወደ ሌላው ያሻግራል።

ቴስታታው መውረዱ ግድ ከሆነ፣ ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ መልሶ መግጠም ሥራውን ለሁለተኛ ጊዜ ማሠራት ነው። የቴስታታው ገጽ በቀጥ ማስመሪያና በስስ መለኪያ ይለካ፤ በብዙ ትንንሽ የቤንዚን ሞተሮች ላይ የሚፈቀደው መጣመም ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይስተካከላል፣ ስንጥቅ እንደሌለውም በግፊት ይፈተሻል። ብሎኖቹም ከመሐል ወደ ዳር በቅደም ተከተል፣ በቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) መለኪያ ቁልፍ ይጠብቃሉ።

ጥገናው የትኛውም ቢሆን ውሃው ሲሞላ የመኪናው አፍንጫ ወደ ዳገት ይቁም፣ የማሞቂያው መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ ይሁን፣ ሞተሩም ቴርሞስታቱ እስኪከፈትና አየሩ ወጥቶ እስኪያልቅ ይሥራ። በማግስቱ ጠዋት በብርዱ የጎደለው ይሞላል። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ወርደው በሐረጎ ይመለሱ፤ በቀጣዩ ጠዋት ልኩ ከእስክሪብቶው ምልክት በታች ከተገኘ የግፊት ሙከራው ይደገማል።