ኤስቲ-ሊንኩ "ቺፑን አላገኘሁም" ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ኤስቲ-ሊንክ ከኮምፒውተር ወደ ኤስቲኤም32 ቺፕ ኮድ የሚጭነውና ሥራውን የሚከታተለው መሣሪያ (ዲበገር) ነው። ቦርዱ 3.3 ቮልት ማግኘቱን፣ ግራውንዱ መያያዙን፣ የዩኤስቢ ገመዱ ለቻርጅ ብቻ የተሠራ አለመሆኑን አይታችኋል ብለን እንነሳ። ያላየ ሰው መጀመሪያ እሱን ጨርሶ ይምጣ። ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው ኤስቲኤም32ኤፍ103ሲ8 ቺፕ ያለበትን ብሉ ፒል ቦርድና ፍላሽ ዲስክ የሚያክለውን የኤስቲ-ሊንክ ቪ2 ቅጂ (ኤስቲ ራሱ ያልሠራውን ርካሽ አስመሳይ) ይመለከታል። ጀማሪ ሁሉ የሚገዛው ይህን ጥንድ ስለሆነ ብልሽቱም የሚደጋገመው እዚሁ ላይ ነው።

ምልክት፦ መጀመሪያ ኮድ ተቀብሏል፣ ሁለተኛ ጊዜ እምቢ ይላል

ይህ ከሁሉ አብልጦ የሚያጋጥመው ነው። የመጀመሪያው ኮድ ይጫናል፤ ኤልኢዲው ብልጭ ድርግም ይላል። ሌላ ኮድ ለመጫን ሲሞከር ሶፍትዌሩ "ታርጌት የለም" ይላል (ታርጌት ማለት ኮዱ የሚጫንበት ቺፕ ነው)። ባለቤቱ "ተቃጠለ" ብሎ አዲስ ቦርድ ይገዛል፤ ያንኑ ኮድ ይጭንበታል፤ እሱም "ይቃጠላል"። እንዲህ እየተባሉ መሳቢያ የገቡት ቦርዶች አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው። ኤልኢዲ እያበራና እያጠፋ የሞተ ቺፕ የለም።

መንስኤ፦ ዲበገሩ ከቺፑ ጋር የሚነጋገረው ፒኤ13 (ዳታ) እና ፒኤ14 (ክሎክ) በሚባሉት ሁለት ፒኖች ነው። ኩብኤምኤክስ (የቺፑን ፒኖች አዘጋጅቶ የመነሻ ኮድ የሚጽፈው የኤስቲ ሶፍትዌር) ላይ "ሲስ" በሚለው ክፍል ውስጥ የ"ዲበግ" ምርጫው ሳይነካ ከተተወ "ኖ ዲበግ" እንዳለ ይቀራል። በኤፍ1 ቤተሰብ ይህ ዝም ብሎ ባዶ ምርጫ አይደለም፤ ሶፍትዌሩ የዲበግ በሩን የሚዘጋ አንድ መስመር ኮድ ይጽፋል። ቺፑ እንደተነሳ ገና በመጀመሪያዎቹ ሚሊሰከንዶች ያንን መስመር ያነብና በሩን በእናንተው ላይ ይዘጋዋል። ፒን አለቀብኝ ብሎ ፒኤ13ን ለኤልኢዲ ወይም ለበተን የሚጠቀም ሰውም እዚያው ይደርሳል።

መፍትሄ አንድ፦ ቡት0 የሚለውን ጀምፐር ወደ 1 አዙሩና ሪሴት ተጫኑ። ቺፑ አሁን የሚነሳው ፋብሪካ ውስጥ ከተጻፈለት ቡትሎደር ስለሆነ የእናንተ ኮድ አይሠራም፤ በሩም ክፍት ይቆያል። በኩብፕሮግራመር (የኤስቲ የመጫኛና የመሰረዣ ሶፍትዌር) ተገናኙ፤ ሙሉ በሙሉ ሰርዙ (ፉል ቺፕ ኢሬዝ)። ከዚያ ኩብኤምኤክስ ላይ ምርጫውን "ሲሪያል ዋየር" አድርጋችሁ ኮዱን እንደገና አስወጡ። ይህን ሳያስተካክሉ ያንኑ ፋይል መልሶ መጫን ቺፑን ደግሞ መቆለፍ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ልክ ይህንኑ ያደርጋል። ጀምፐሩንም ወደ 0 መልሱ። ካልመለሳችሁት ቦርዱ በተነሳ ቁጥር ቡትሎደሩ ላይ ይቀመጥና "ኮዱ ተጭኗል ግን አይሠራም" የሚል ሁለተኛ ምሬት ይጀመራል።

መፍትሄ ሁለት፦ በሪሴት ውስጥ ሆኖ መገናኘት፣ ማለትም "አንደር ሪሴት"። ዲበገሩ ኤንአርኤስቲ የተባለውን የቺፑን የሪሴት ፒን ወደ ዜሮ ጎትቶ ይይዝና ኮዱ ሳይነሳ ቺፑን ያስቆመዋል። በወረቀት ላይ ከጀምፐሩ የተሻለ ነው። ችግሩ ብዙዎቹ ቅጂዎች ላይ "አርኤስቲ" ተብሎ የተጻፈው ፒን ለኤስቲኤም8 (ለሌላ የኤስቲ ቺፕ ቤተሰብ) ብቻ የሚሠራ መሆኑ ነው። ለኤስቲኤም32 ስትጠቀሙበት ጌጥ ነው። ገመዱን ትሰካላችሁ፣ ምርጫውን ትጫናላችሁ፣ ሶፍትዌሩ ምንም ቅሬታ ሳያሰማ ይሞክራል፤ በፒኑ ላይ ግን ምንም አይላክም። ሰዓታት የሚበላው ይሄ ነው።

ለማረጋገጥ ፒኑን በሎጂክ አናላይዘር (የመስመሮችን ከፍ ዝቅ ማለት ቀድቶ የሚያሳይ መሣሪያ) ተመልከቱት። ሪሴት ሲላክ ወደ ዜሮ ካልወረደ አትመኑት። መልቲሜትር ለአጭር ምት ቀርፋፋ ስለሆነ ያታልላል። ሌላ ዲበገር ከሌለ በእጅ ይሠራል፦ የቦርዱን ሪሴት ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ፣ በአንደር ሪሴት ሞድ "ኮኔክት" በሉ፣ ወዲያው ቁልፉን ልቀቁ። አንድ ሁለቴ ይስታል፤ ድገሙት።

እንግዲህ ዲበገር ስትመርጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት "ሪሴቱ እውነት ይሠራል ወይ?" ብላችሁ ነው። በዋጋው አነስ ብሎ የሚያስተማምነው ኑክሊዮ-64 የተባለው የኤስቲ ቦርድ ነው፤ ከላይ የተቀመጠው እውነተኛ ኤስቲ-ሊንክ ነው፣ የሲሪያል ፖርትም ይጨምርላችኋል። ኤምቢ1136 የሚል ቁጥር ባለው ሰሌዳ ላይ ሲኤን2 ላይ ያሉትን ሁለት ጀምፐሮች አውልቁ፤ ከዚያ ሲኤን4 የሚለው የፒኖች ረድፍ በቅደም ተከተል የታርጌት ቮልቴጅ፣ ክሎክ፣ ግራውንድ፣ ዳታ፣ ሪሴት፣ ኤስደብሊውኦ (የመከታተያ መልእክት መውጫ) ነው። ሪሴቱን ለውጭ ቦርድ ስትጠቀሙ ኤስቢ12 የሚባለውን የብየዳ ድልድይ ክፈቱ፤ አለበለዚያ የራሱ የኑክሊዮው ቺፕም አብሮ የመስመሩ ተካፋይ ይሆናል።

ምልክት፦ አዲስ ቅጂ፣ አዲስ ቦርድ፣ ገና ከመጀመሪያው አይገናኝም

የአሉሚኒየም ሽፋኑ ላይ የታተመው የፒን ቅደም ተከተል ከውስጡ ሰሌዳ ጋር ላይገጥም ይችላል። ሽፋኑን ስባችሁ አውጡና ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ከጓደኛችሁ ቅጂ ላይ አይታችሁ አትሰኩ፤ ሽፋኑ ቢመሳሰልም ውስጡ ይለያያል። 3.3 ቮልቱና 5 ቮልቱ ጎን ለጎን ስለሆኑ ስህተቱ አንዳንዴ ቺፑን በእውነት ያቃጥላል። ይህን ያደረገ ሰው ከላይ ያለው መፍትሄ አይረዳውም።

ምልክት፦ መለያ ቁጥሩ አልገጠመም ይላል

ኦፕንኦሲዲ (ነፃው የዲበግ ሶፍትዌር) 1ቢኤ01477 ጠብቆ 2ቢኤ01477 ካገኘ ቦርዱ ላይ ያለው የኤስቲ ቺፕ ሳይሆን አስመሳይ ነው፤ ፊቱ ላይ ኤስቲኤም32 ተብሎ ቢጻፍም። በኤፍ1 ማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ የሚጠበቀውን ቁጥር ወደ 2ቢኤ01477 ለውጡ። ኩብአይዲኢ (የኤስቲ የኮድ መጻፊያ ሶፍትዌር) ግን "የኤስቲ ቺፕ መሆኑን ማረጋገጥ አልቻልኩም" ብሎ ይዘጋል፤ ከእሱ ጋር አትከራከሩ፣ ዲበጉን በኦፕንኦሲዲ አሂዱት። ሊሸጥ ለታሰበ ዕቃ ይህን ቺፕ አትጠቀሙ። ለትምህርት ይበቃል።

ምልክት፦ ይገናኛል፣ ግማሽ ላይ ይቋረጣል

ገመዱ ረጅም ነው፣ ወይም ዲበገሩ ከአቅሙ በላይ መብራት እየሰጠ ነው። የ20 ሳንቲሜትር ጀምፐር ገመዶችን በመቀጣጠል 40 አድርጎ በ4000 ኪሎኸርዝ መጫን የሚፈልግ ሰው ይገርማል። ፍጥነቱን ወደ 950 ወይም 480 አውርዱ፤ ገመዱን አሳጥሩ፤ የግራውንዱን ገመድ ከክሎኩ ጎን አስኪዱ። ሰርቮ፣ ሞተር ወይም የሬዲዮ ሞጁል ከዲበገሩ 3.3 ቮልት አታብሉ። የራሳቸው ኃይል ይኑራቸው፤ የሚጋሩት ግራውንዱን ብቻ ነው።

ምልክት፦ እውነተኛው ኤስቲ-ሊንክ ወይም ጄ-ሊንክ የታርጌት ቮልቴጅ 0 ነው ይላል

በዲበገሩ ሶኬት (ጄ-ሊንክም ሌላ ኩባንያ የሠራው ዲበገር ነው) ፒን 1 መብራት የሚሰጥ ሳይሆን የቦርዱን ቮልቴጅ የሚለካ መግቢያ ነው። ከቦርዱ 3.3 ቮልት ጋር አያይዙት። ብዙ ቅጂዎች ላይ የሚታየው ቁጥር ደግሞ የራሳቸው ቮልቴጅ ስለሆነ ቦርዱ ስለመብራቱ ምንም አይነግራችሁም።

ምልክት፦ ቺፑ ሲተኛ ዲበጉ ይጠፋል

የእንቅልፍ ሞዱ ክሎኩን ስለሚያጠፋ ነው። ዲቢጂኤምሲዩ በሚባለው የዲበግ መቆጣጠሪያ ሬጅስተር ላይ የስቶፕና የስታንድባይ ቢቶችን አብሩ፤ የባትሪ ፍጆታ ስትለኩ ግን አጥፏቸው።

ምልክት፦ ማንበብ ተከልክሏል ይላል

በኤፍ103 የንባብ ጥበቃውን ማንሳት ፍላሹን ሙሉ በሙሉ ይሰርዛል። በኤፍ4 ላይ ደግሞ ደረጃ 2 የሚባለውን ጥበቃ እንዳትነኩ፤ አንዴ ከበራ የሚመልሰው የለም።

ምልክት፦ ብሬክፖይንት ስታስቀምጡ አይስኩዌርሲው ይበላሻል፣ ሳታስቀምጡም አይሠራም

ብሬክፖይንት ኮዱን መሃል ላይ የሚያቆም ምልክት ነው፤ አይስኩዌርሲ ደግሞ ቺፖች በሁለት መስመር የሚነጋገሩበት መንገድ ነው። እዚህ የተሳሳተ መሣሪያ ይዛችኋል። ኮዱን ማቆም ሰዓቱን ያዛባል፤ የሚያስፈልገው ሎጂክ አናላይዘር ነው። ባለ 8 ቻናሉ፣ 24 ሜጋኸርዝ የሚለው ርካሹ በፐልስቪው ሶፍትዌር ይሠራል፤ ለ400 ኪሎኸርዝ አይስኩዌርሲና ለሲሪያል ከበቂ በላይ ነው። የናሙናው ፍጥነት ከምትመለከቱት መስመር ክሎክ ቢያንስ 4 እጥፍ ይሁን። ስለዚህ በ18 ሜጋኸርዝ የሚሄደውን የኤፍ103 ኤስፒአይ (ሌላው፣ ፈጣኑ የቺፖች መነጋገሪያ) አይቻለሁ ብሎ የሚያሳያችሁ ስዕል ውሸት ነው፤ ለምርመራው ጊዜ ኤስፒአዩን ከ6 ሜጋኸርዝ በታች አውርዱት። የአይስኩዌርሲው ሁለቱም መስመሮች ዝቅ ብለው ከቀሩ የ4.7 ኪሎኦም ፑል-አፖቹን (መስመሩን ወደ ላይ የሚይዙትን ሬዚስተሮች) ማን እንደረሳቸው ጠይቁ። ግራውንዱን ሳታያይዙ የቀዳችሁትን ግን ለማንም አታሳዩ።