ጎማው ፕላስቲኩን መፋቁን እንዴት አስቆምኩት

ከደሴ ወደ ኩታበር ገጠር ስንወጣ ድንጋዩ የራቭ ፎራችንን ሆድ ይመታ ነበር። ባለ 16 ኢንቹን ጎማ ከ215/70 ወደ 215/75 ቀየርነው፤ ሁለተኛው ቁጥር የጎማው ጎን ከፍታ ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። መኪናው 1 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አለ። ድንጋይ ላይ ይህቺም ትልቅ ናት!

ግን መሪው ጥግ ድረስ ሲዞር ጎማው ይፋቅ ጀመር። በባትሪ ሳይ፣ ፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው የመኪናው አካል) ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ከጎማው ኋላ ተልጎ ያብለጨልጫል። ማሰሪያዎቹን ፈታሁ። የተላገውን ጠርዝ በጣት ስፋት ቆረጥኩ። የቀረውን ወደ ኋላ ስቤ አሰርኩት።

ከዚያ ቤተሰቡን ሁሉ ጭኜ ሞከርኩ። ባዶውን መሞከር አይበቃም፤ ሰው ሲሞላ የመኪናው ሞላ (ስፕሪንግ) ይጫንና በጎማውና በፕላስቲኩ መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል። አሁን ድምፅ የለም።

ስፒድ ሜትሩ ግን ጎማው ስላደገ ከበፊቱ 3 በመቶ ያህል ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ ከሚመስላችሁ በላይ ትፈጥናላችሁ ማለት ነው። የኮምቦልቻን ቁልቁለት ስትወርዱ አስቡበት፤ ፍሬን ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ፣ በማርሽ ያዙት።