ትንሹ ቬፕ ወይስ ትልቁ?

በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን (ቬፕን) መሸጥም ሆነ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ በመሆኑ፣ ይህ ምክር የግዢ ግብዣ ሳይሆን መሣሪያው በእጃቸው ላለ አዋቂዎች ብቻ የተጻፈ ነው። ቻርጅ እየተደረገ ኒኮቲን ያለበት ፈሳሹ ሲያልቅ ከሚጣለው ቬፕ ትንሹ ብዙውን ጊዜ 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲይዝ፣ ትልቁ 10 ሚሊ ሊትርና ከዚያም በላይ ይይዛል። ትልቁ ቶሎ ስለማያልቅ ሰው ምን ያህል ኒኮቲን እንደወሰደ ሳያስተውል ይቀራል፤ በእኔ ግምት ትንሹ በዚህ ይሻላል፣ ጨርሶ አለመጀመር ግን ከሁለቱም ይበልጣል። ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ስንት ጊዜ እንደሚሳብ የሚገልጽ ቁጥር በማሽን የሚለካ ስለሆነ ብዙ አያስተማምንም።

ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነሥቶ የጣርማበርን ዳገት ወደ ደብረ ብርሃን ለሚወጣ መንገደኛ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፦ ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ በመሣሪያው ውስጥ የታመቀው አየር ሰፍቶ ፈሳሹን ገፍቶ ሊያወጣው ይችላል። ኒኮቲን በቆዳ በኩል ስለሚገባ የነካውን እጅ ወዲያው በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ ያለቀውንም መሣሪያ ሕፃናት ከማይደርሱበት ማኖርና ባትሪው ሊፈነዳ ስለሚችል ፈጽሞ ወደ እሳት አለመጣል ያስፈልጋል።