ላይተሩን መጀመሪያ አስቀምጪው፦ ሹሩባ ጫፍ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ከሂርማታ ገበያ ፀጉር ገዝቶ፣ ግማሽ ቀን አንገት ደፍቶ ተሠርቶ፣ መጨረሻ ላይ በአንድ ላይተር ማበላሸት ጅማ ላይ ልማድ ሆኗል። ኧረ በናታችሁ!

ከሁሉም የሚብሰው ምን እንደሚለኮስ ሳያውቁ መለኮስ ነው። የሹሩባ ጫፍ በእሳት የሚዘጋው አርቲፊሻሉ ፀጉር ፕላስቲክ ስለሆነ ነው፤ ቀልጦ ይጣበቃል። የራስሽ ፀጉር አይቀልጥም፣ ይነዳል። ሂውማን ሄርም (የሚሸጠው የሰው ፀጉር) ያው ነው። ሻጩ ያለውን ትተሽ ራስሽ ፈትሺ፦ ሦስት አራት ዘለላ ቆርጠሽ በወረንጦ ያዢና ሣህን ላይ ለኩሺው። ተኮማትሮ ጠንካራ እንክብል ከሠራ ፕላስቲክ ነው። የበግ ጭንቅላት ሲለበለብ የሚሸተው ከሸተተና በጣት ሲነካ አመድ ከሆነ ግን የሰው ፀጉር ነው፣ እሳት አታስጠጊው። በአርቲፊሻል ፀጉር ፈንታ የሚሠራበት የአክሪሊክ ሹራብ ክር ደግሞ ከእሳቱ ብታርቂውም መንደዱን ይቀጥላል። ፕላስቲክ መሆኑ ቢረጋገጥም የራስሽ ፀጉር ከሹሩባው ጫፍ ቢያንስ አራት ጣት ቀደም ብሎ ማለቅ አለበት። ፀጉሯ እስከ ጫፉ ለሚደርስ ሴት ላይተር የሚያነሳ ሰው ሹሩባ ሳይሆን ችቦ እየሠራ ነው።

ከዚያ ቅባቱ አለ። ቅቤም ይሁን ስፕሬይ፣ እሳቱ ካለቀ በኋላ ነው የሚቀባው። ስፕሬይ አልኮልና ተቀጣጣይ ጋዝ ስላለበት ክፍሉ እስኪናፈስ ክብሪት እንኳ አይጫርም።

የቀለጠውን ጫፍ በጣት ማድቦልቦል? አይሆንም። ትኩስ ፕላስቲክ ጣት ላይ ተጣብቆ ይቆያል። ከተጣበቀ ደግሞ አትላጪው፤ 20 ደቂቃ የቧንቧ ውሃ አፍስሺበት። የጥርስ ሳሙናና ቅቤ አይቀባም።

ላይተሩም የራሱ ጠባይ አለው። አንዱ ከሰል ለማያያዝ ነበልባሉን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርጎት ሄዷል፤ ቀጣይዋ ደግሞ ሳታይ ጫፏ ላይ ደቅና ትጭረዋለች፣ ቅንድብ ይሄዳል። መጀመሪያ ፊትሽን አዙረሽ ሞክሪው፣ ማስተካከያዋን ወደ ዝቅተኛ መልሺ። ከ30 ሰከንድ በላይ አታንድጂው፤ ብረቱ ይግላል። የሚሞላ ከሆነ ከሞላሽ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ። ቡና ሲፈላ ከከሰሉ አጠገብ የተተወ ላይተር ፈንጂ ነው።

እንዲያውም ላይተሩን ለምን ትፈልጊዋለሽ? የፈላ ውሃ አለ። ጫፎቹን በላስቲክ አስረሽ ማሰሮ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ንከሪ፣ አውጥተሽ በፎጣ ጨምቂ። ጅማ ከባሕር ወለል 1,780 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ ከእሳት እንደወረደ እንጂ ቀዝቀዝ ብሎ አይሠራም። ማሰሮውን ሌላ ሰው ይያዝልሽ፤ ጀርባሽ ላይ የሚንጠባጠበው የሚያስፈልግሽ ነገር አይደለም።

ፒያስትራ እርጥብ ፀጉር ላይ አይሄድም፤ «ችስስ» ሲል የምትሰሚው ፀጉርሽ ውስጥ ያለው ውሃ ሲፈላ ነው። አርቲፊሻል ላይማ ጭራሽ፤ ሰሌዳው ላይ ይቀራል።

ሹሩባውን ዝናብ ከነካው በደንብ ካልደረቀ ይሸታል። በቃ።

ሲፈታም በእሳት የተሠራችውን እንክብል አትጎትቺ፤ ነጠላ ይዛ የምትቀደውም እሷ ናት። የራስሽ ፀጉር ካለቀበት በታች በመቀስ ቁረጪና ከዚያ መፍታት ጀምሪ።