የሳይንስ ዶክትሬት በውጭ አገር፦ ማመልከቻው ለማን እንደሚጻፍ አስቀድሞ ማወቅ

በሳይንስ ዘርፍ ውጭ አገር ለመማር ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ስኮላርሺፕ ከመፈለግ ነው። እኔ ግን አስቀድሞ ሊጣራ የሚገባው ተማሪውን የሚቀበለው ማን እንደሆነ ነው እላለሁ፤ ፒኤችዲ የሚለው ስም በሁሉም ዘንድ አንድ ቢሆንም፣ በአንዱ አገር የትምህርት ፕሮግራም፣ በሌላው የተወሰነ የምርምር ፕሮጀክት፣ በሌላው ደግሞ የቅጥር ሥራ ነውና የማመልከቻው ይዘትም በዚያው ልክ ይለያያል።

በኢትዮጵያ የተለመደው አካሄድ ደረጃ በደረጃ ነው፤ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል የሚወስድ ማስተርስ፣ ከዚያም ዶክትሬት ይከተላል። በአሜሪካ ግን በኬሚስትሪ፣ በፊዚክስ ወይም በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ማስተርስ ሳይዝ በቀጥታ ለፒኤችዲ ማመልከት ይችላል። ትምህርቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 6 ዓመት የሚፈጅ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ አንድ ወይም ሁለት ዓመታት በኮርስ ያልፋሉ፤ በብዙ የባዮሎጂ ፕሮግራሞችም ተማሪው አማካሪውን የሚመርጠው በተለያዩ ቤተ ሙከራዎች ለጥቂት ሳምንታት እየተዘዋወረ ከሠራ በኋላ ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን የብቃት ፈተና ያላለፈ ተማሪ ብዙ ጊዜ ማስተርስ ተሰጥቶት ይሰናበታል።

እዚህ ላይ የገንዘቡን ነገር በጥብቅ ማስተዋል ያስፈልጋል። በአሜሪካ የሳይንስ ፒኤችዲ ተማሪ በረዳት መምህርነት ወይም በምርምር ረዳትነት ስለሚሠራ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፣ የወር አበልም ይከፈለዋል፤ የማስተርስ ተማሪ ግን በአብዛኛው ከኪሱ ይከፍላል። «ለፒኤችዲ ገና ነኝ» ብለው ለማስተርስ ብቻ አመልክተው፣ ተቀባይነት ካገኙ በኋላ ክፍያው አቅቷቸው የሚቀሩ ጎበዝ ተማሪዎች መኖራቸው በእጅጉ ያሳዝነኛል። የሚቀበለው የትምህርት ክፍሉ ኮሚቴ ስለሆነ፣ ማመልከቻው የተማሪውን አጠቃላይ ዝግጅት ማሳየት አለበት፤ ማመልከቻ የሚዘጋው በአብዛኛው በዲሴምበር በመሆኑም የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉ መምህራንን ከመስከረም ጀምሮ ማነጋገር ይገባል። የማመልከቻ ክፍያውን በዶላር መክፈል ለሚቸግረው፣ ክፍያው እንዲነሣለት ትምህርት ክፍሉን በኢሜይል መጠየቅ የተለመደ ነው፣ ሊያሳፍርም አይገባም። የመጀመሪያ ዲግሪውን በሦስት ዓመት የጨረሰ ሰው ግን፣ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የአራት ዓመት ዲግሪ ስለሚጠይቁ፣ ከማመልከቱ በፊት ይህንን አጣርቶ ይወቅ።

በእንግሊዝ ፒኤችዲ ከ3 እስከ 4 ዓመት የሚወስድ ሲሆን ኮርስ እምብዛም የለበትም፤ ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ ምርምሩ ይገባል። ስለዚህ የሚያመለክተው ለአንድ ለታወቀ ፕሮጀክትና አማካሪ ነው። ማስተርሱ አንድ ዓመት ብቻ መሆኑ ጊዜ ይቆጥባል። ገንዘብ ማግኘቱ ግን ከባድ ነው፤ ዋናው የመንግሥት የምርምር ገንዘብ ሰጪ ድርጅት ከ2021 ጀምሮ ለውጭ ዜጎች በሩን ቢከፍትም፣ ድርሻቸው ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦታል።

ጀርመን ከሁለቱም ትለያለች። ማስተርስ በአብዛኛው ግዴታ ነው፤ ብዙዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተርስ የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፣ ባደን ቩርተምበርግ የተባለው የጀርመን ክፍለ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጡ ተማሪዎች በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይቀበላል። የዶክትሬት ተማሪው ብዙ ጊዜ የሥራ ውል ፈርሞ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ ውሉ ግን የሙሉ ሰዓት ላይሆን ስለሚችል፣ የሙሉ ሰዓቱ 50 በመቶ ይሁን 65 በመቶ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። በኔዘርላንድስና በስዊድንም ዶክትሬት የሚገኘው እንደ ማንኛውም ክፍት የሥራ ቦታ በሚወጣ ማስታወቂያ ነው።

በጀርመን የተቋቋሙ የዶክትሬት ትምህርት ቤቶች በኮሚቴ የሚቀበሉ ቢሆንም፣ የቆየው መንገድ አንድ ፕሮፌሰር «እቀበለዋለሁ» ማለቱ ነው። ለፕሮፌሰሩ የሚላከው ደብዳቤ አጭር ይሁን፤ ከቅርብ ጊዜ ጽሑፎቹ አንዱን በትክክል ያንሣ፤ አመልካቹ በማስተርስ ጥናቱ በየትኛው መሣሪያ ምን እንደለካና ምን ውጤት እንዳገኘ በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ይግለጽ፤ ትራንስክሪፕቱና የሕይወት ታሪኩም በአንድ ፋይል ተጠቃለው ከደብዳቤው ጋር ይያያዙ።