«ሀዋሳ» ሦስት ጊዜ እንዳትቆጠር

በአማርኛ የተሞላ የደንበኞች ዝርዝር በሶርትና በዩኒክ (መስመሮችን በሚደረድሩና ተመሳሳዮቹን በሚያዋህዱ የሊኑክስ ትዕዛዞች) ስትቆጥሩ ከተማዋ አንድ ሆና ሳለ ሀዋሳ፣ ሃዋሳ፣ ሐዋሳ ተብላ በሦስት መስመር ትወጣለች። ኮምፒውተር ድምፅ አይሰማም፤ ለእሱ ሦስቱም የተለያዩ ፊደሎች ናቸው።

መፍትሔው ከሶርት በፊት ፋይሉን በሴድ (ጽሑፍን መስመር በመስመር በሚያርም ፕሮግራም) ማሳለፍ ነው። «ዋይ» የምትባለው የሴድ ትዕዛዝ ፊደልን በፊደል ትተካለች። በመጀመሪያው ክፍል ሃሐሓኀኃሠዐዓፀ፣ በሁለተኛው በዚያው ቅደም ተከተል ሀሀሀሀሀሰአአጸ ጻፉ። የቀሩትን (ሑ፣ ሒ፣ ሡ፣ ፁ እያላችሁ) ጨምራችሁ በአንድ ፋይል አስቀምጡት። መጻፉ ይሰለቻል፣ ግን አንዴ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ፊደል ወደሚተካው ሌላ ትዕዛዝ፣ ወደ ቲአር ነው። የግኑ ቲአር (በሊኑክስ ላይ የተለመደው) ግን የሚሠራው በባይት ነው፤ በዩቲኤፍ-8 (ፊደሎች በኮምፒውተር በሚቀመጡበት ኮድ) እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ፊደሉን ይሰባብረዋል። ሴድ፣ የሲስተሙ ሎኬል (የቋንቋና የፊደል ቅንብር) ዩቲኤፍ-8 እስከሆነ ድረስ፣ ፊደሉን እንደ አንድ ያየዋል።

«አዋሳ» ብለው የሞሉ ካሉ ለብቻው ተኩት። የቃል ወሰን ምልክቱን (ቃሉ የት እንደሚጀምርና እንደሚያልቅ ለሴድ የሚነግረውን) ከረሳችሁ ግን «አዋሳኝ ቀበሌ» የሚለው «ሀዋሳኝ ቀበሌ» ሆኖ ቁጭ ይላል!

ይህ ለቆጠራና ለፍለጋ ብቻ ነው። ዋናው ፋይል ላይ፣ በተለይ የሰው ስም ባለበት፣ አታስቀምጡት፤ መታወቂያዋ ላይ በፀሐዩ ፀ የተጻፈች ሴት ደረሰኟ ላይ በጸሎቱ ጸ ብትመጣ ባንክ ቤት አጉል ክርክር ይጠብቃታል።