መብራት ሄዶ ሲመጣ ፕሪንተርና ካሜራ እንዳይጠፉ፦ ለቤት ዕቃ ቋሚ አይፒ እንዴት ይሰጣል?

እኛ ሰፈር፣ ቱሉ ዲምቱ፣ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። በመጣ ቁጥር ራውተሩ እንደ አዲስ ይነሳል። ብዙ የቤት ራውተሮች ደግሞ ለማን የትኛውን አድራሻ (አይፒ የሚባለውን፣ ዕቃው በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) እንደሰጡ ሲጠፉ ይረሱታል። ትናንት 192.168.1.4 የነበረው ፕሪንተር ዛሬ 192.168.1.7 ሊሆን ይችላል። ላፕቶፑ በድሮው አድራሻ ይፈልገውና ያጣዋል። የግቢው በር ካሜራም እንዲሁ፤ ስልካችሁ ላይ ምስሉ ይጠቁራል። መፍትሔው ቋሚ አይፒ ነው። ምንም ወጪ የለውም፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸውን ለዩ። ሌሎች ዕቃዎች ፈልገው የሚያገኟቸው ብቻ ናቸው፦ ፕሪንተር፣ ካሜራ፣ የካሜራው መቅጃ። ስልክ አያስፈልገውም፣ ተዉት።

ቀጥሎ ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር አገናኙ። በዋይፋይም ይሆናል፤ እኔ ግን መሀል ላይ እንዳይቋረጥብኝ ሁሌም በኬብል ነው የማደርገው። ራውተሩን ገልብጡት፤ አድራሻውና የመግቢያ ስሙ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ተለጥፏል። 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 የተለመዱ ናቸው። ብሮውዘር ላይ ጻፉትና ግቡ።

አሁን ዋናው ቦታ ላይ ደረስን። ዲኤችሲፒ የሚለውን ገጽ ክፈቱ። ራውተሩ በራሱ የሚያድላቸው አድራሻዎች ከየት ጀምሮ እስከ የት እንደሆኑ እዚያ ተጽፏል። ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ቁጥር ከ2 እስከ 254 ነው፤ ማለትም ሁሉም የራውተሩ ነው፣ ለእናንተ የቀረ የለም። ይህን ሳትቀይሩ ምንም ዕቃ አትንኩ።

እኔ ሳልቀይር ነው የጀመርኩት። ፕሪንተሩን 192.168.1.5 ብዬ ሞላሁና በቃ አልኩ። ለሳምንታት ሠራ። ባለቤቴ በር ላይ ባለችው ክፍል ወረቀት ታትማለች፤ አንድ ጠዋት አንድ ልጅ ሲቪውን ሊያሳትም መጣ። ሌሊቱን መብራት ሄዶ ነበር ያደረው። ፕሪንተሩ እምቢ አለ። ኬብል ነቅዬ ሰካሁ፣ ድራይቨሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ልጁ ሰዓቱን እያየ ቆሞ ቆሞ ፍላሹን ይዞ ወደ አስፋልቱ ሄደ። እስካሁን ያሳዝነኛል።

ማታ ፕሪንተሩን ከሶኬት ነቀልኩና ከላፕቶፑ 192.168.1.5ን ፒንግ አደረግኩ፤ ማለትም አድራሻው ላይ ያለ ዕቃ እንዲመልስ ጠራሁ። መልስ መጣ! ከተነቀለ ዕቃ መልስ አይመጣም። የመለሰው የተከራያችን ስልክ ነበር። መብራት ሲመጣ ፕሪንተሩ በማጥፊያው ጠፍቶ ስለነበር ራውተሩ 5 ቁጥርን ባዶ መስሎት ለስልኩ ሰጠው። ራውተሩ እኔ ቁጥሩን እንደያዝኩት የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ፕሪንተሩ ሲበራ አንድ አድራሻ ላይ ሁለት ዕቃ ተገናኘ።

ስለዚህ የራውተሩን እደላ አጥብቡት። እኔ ከ100 እስከ 200 አድርጌዋለሁ። ከስልክና ከእንግዳ ይተርፋል። ከ10 እስከ 50 ያለውን ለራሴ ያዝኩ። ሴቭ አድርጉና ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩት፤ አለዚያ የድሮውን ቁጥር ይዞ የሚቆይ ዕቃ አይጠፋም።

ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። በፕሪንተሩ ወይም በካሜራው የኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ አውቶማቲክ የሚለውን ወደ ማኑዋል ቀይሩና አራት ነገር ሙሉ። አይፒ፦ ለምሳሌ 192.168.1.10። ሰብኔት ማስክ፦ 255.255.255.0። ጌትዌይ (ወደ ኢንተርኔት መውጫው)፦ የራውተሩ አድራሻ። ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ የሚተረጉመው)፦ እሱም የራውተሩ አድራሻ ይሁን፤ የጉግሉ 8.8.8.8ም ይሠራል። የራውተራችሁ አድራሻ ሌላ ከሆነ የፊተኞቹን ሦስት ቁጥሮች ከእሱ ጋር አመሳስሉ። ጌትዌይ ላይ ከተሳሳታችሁ ካሜራው ቤት ውስጥ ይታያል፣ ከቤት ስትወጡ ግን አይታይም።

ራውተሩ ላይ በማክ አድራሻ (ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ዕቃ በሚሰጠው መለያ) አይፒ ማስያዝም አለ። ሁሉንም ከአንድ ቦታ ስለሚያስተካክል ብዙዎች ይወዱታል። እኔ ዕቃው ላይ መሙላቱን እመርጣለሁ፤ ራውተሩ ሲበላሽ ወይም ሪሴት ሲደረግ ያስያዛችሁት ሁሉ አብሮ ይጠፋልና። በማክ የምታስይዙ ከሆነ ስልክና ላፕቶፕ ላይ ተጠንቀቁ፤ ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ስልኮች እውነተኛውን ማክ ደብቀው ሌላ ነው የሚያሳዩት።

የዲኤችሲፒውን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱ። ቁጥሮቹን በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ እያንዳንዱ ዕቃ ጀርባ ለጥፉ። የእኛ ፕሪንተር ጀርባ ላይ «10» የሚል ነጭ ፕላስተር አለ፤ ባለቤቴ እኔን ሳትጠራ ራሷ ታያለች።

መብራት እስኪሄድ አትጠብቁ፣ አሁኑኑ ፈትኑት። ፕሪንተሩን በማጥፊያው አጥፉ፣ ከቆጣሪው መብራቱን ዝቅ አድርጉ። 5 ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱት። የቤተሰቡ ስልክ ሁሉ ዋይፋይ እስኪይዝ ጠብቁ፤ ፕሪንተሩን መጨረሻ ላይ አብሩና አንድ ገጽ አትሙ።